የአባወራው አካሄድ ለምን ተለወጠ?



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የወንዶች ሕመም ነው። «ታዲያ በሴቶችና በቤተሰብ ዓምድ ላይ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። መልሱ ሩቅ አይደለም። አባወራው ሲታመም መኝታውን የምታነጥፈው፣ ክኒኑን የምትቆጥረው፣ ሌሊት ሲያቃስት የምትሰማው፣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ በሐኪም ቤት ወረፋ የምትውለው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ናት፤ ሚስት ባትኖር ልጅ ወይም እህት ናት። ከዚህም በላይ ዛሬ የምናነሳው ሕመም ያለበት ቦታ ለመናገር የሚያሳፍር በመሆኑ፣ ባለቤቱ ራሱ አፉን ሞልቶ አይናገረውም። ስለዚህ ከማንም ቀድማ ልታስተውለው የምትችለው አንድ ጣራ ሥር አብራው የምትኖረው ሴት ናት።

ነገሩን በአንዲት ጎረቤቴ ታሪክ ልጀምረው። ታሪኩን እንዳካፍላችሁ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን እንዳላነሳ አደራ ብላኛለች። ባለቤቷ ከማተሚያ ቤት ሥራ በጡረታ የተገለሉ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባው የተጠጋ ሰው ናቸው። የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶባቸው እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ሥራው በደኅና አለቀ። ለሽንት የገባላቸው የላስቲክ ቱቦ በሁለተኛው ሳምንት ተነሳ፣ ቁስሉ ጠገገ፣ ጠያቂውም ቀስ በቀስ እግሩን ሰበሰበ። ቤቱ ወደ ወትሮ ኑሮው ተመለሰ በተባለበት በሰባተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሰውየው ደረጃ በጎን መውጣት ጀመሩ።

«መጀመሪያ ልብ አላልኩትም» ትላለች ጎረቤቴ። «አንድ ቀን ታክሲ ልንሳፈር ስንል እግሩን ከፍ አድርጎ መርገጥ አቃተው። ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እግሩን እንደ ዕቃ አንስቶ አስገባው። ምን ሆንክ? ብለው፣ ምንም አለኝ።»

«ምንም» የምትባለው ቃል በየቤታችን ስንት በሽታ ሸሽጋ እንዳሳደረች የማያውቅ የለም። ሰውየው ሌሊት ከአንድ ጎን ወደ ሌላው መገላበጥ ይሳናቸው ጀመር። ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ከሆዳቸው ግርጌ በእጃቸው ይደግፋሉ። ማታ ማታ ትንሽ ትኩሳት ብጤ ይሰማቸዋል። ሚስት ስትጠይቅ «ብርድ ነው» አሉ፤ ቅባት ተቀቡ። አንድ ዘመድ «ጅማት ዞሮ ይሆናል፣ ወጌሻ ይየው» አለ፤ ወጌሻውም ሁለት ቀን አሸ፣ ሕመሙ ግን ባሰ። ከሰፈር ክሊኒክ «የሽንት ኢንፌክሽን ነው» ተብሎ የሰባት ቀን ክኒን ተሰጣቸው። ክኒኑን ሲውጡ ቀለል አላቸው፤ ባለቀ በአሥረኛው ቀን ሕመሙ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የተከተለው ከሕመሙ የከፋ ነበር። ከቤተ ዘመድ አንዱ ጎረቤቴን ወደ ጓዳ ጠርቶ «እንግዲህ ቻዪው፣ ካንሰሩ አጥንት ገብቷል» አላት። ይህ ቃል ከተነገረ ወዲያ በቤቱ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ለበሽተኛው እንዳይነገር ተመከረ። ልጆቹ በየተራ እየመጡ ፊታቸውን እያዞሩ ያለቅሳሉ። ከእንግዲህ ሐኪም ቤት ማመላለስ ሰውየውን ማንገላታት ነው ተባለና የቀጠሮው ቀን አለፈ። ሰውየውም የቤተሰቡን ፊት አይተው ነገሩ የገባቸው መሰላቸው፤ ምግብ መተው ጀመሩ።

ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ያንን የሚያመውን አጥንት በጣቱ ተጭኖ የመረመረ ሐኪም አልነበረም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና ስለ ሰውነታችን ጥቂት እናውራ። ፕሮስቴት በወንዶች ብቻ የሚገኝ፣ ከፊኛ ሥር ሆኖ የሽንት ቧንቧን ዙሪያውን የከበበ እጢ ነው። በጤናማ ጎልማሳ ከትንሽ ሎሚ አይበልጥም። ሥራው ከዘር ፈሳሽ አንዱን ክፍል ማመንጨት ነው። በዕድሜ መግፋት ሳቢያ ያለ ምንም ካንሰር ሊያብጥ ይችላል፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ካንሰር ያበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ወንዶች ይኸው ካንሰር እንደተገኘባቸው ይገመታል። ስለዚህ በዘመድ አዝማድ መካከል አንድ ያልታመመበት ቤት ማግኘት እየከበደ ሄዷል።

ከዚህ እጢና ከፊኛ ፊት ለፊት፣ በጣም ተጠግቶ፣ የብልት አጥንት አለ። እጃችሁን ከእምብርት ጀምራችሁ ቁልቁል ብታወርዱት በመጨረሻ የምትነኩት ጠንካራ አጥንት ማለት ነው። ይህ አጥንት አንድ ወጥ አይደለም፤ የግራውና የቀኙ መሐል ላይ በልም አጥንት ተያይዘው የቆሙ ናቸው። እናቶች ይህን መጋጠሚያ ከአባቶች ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በእርግዝና ጊዜ ላልቶ ለሕፃኑ መንገድ የሚሰጠው እሱ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት አልጋ ላይ መገላበጥ ያቃታችሁ፣ ከወሊድ በኋላም እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ እየተንገዳገዳችሁ የተራመዳችሁ ብዙዎቻችሁ ሕመሙ ከየት ይነሳ እንደነበር ታስታውሱታላችሁ። በወንዱ ላይ ይህ መጋጠሚያ ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ቀን ሲያመው ምን እንደ ነካው እንኳ ስም አያገኝለትም።

ቀዶ ሐኪሙ ፕሮስቴትን ሲያወጣ የሚሠራው ከዚሁ አጥንት ጀርባ ነው። እጢው ከወጣ በኋላ ፊኛውና የሽንት ቧንቧው እንደገና ይሰፋሉ። አልፎ አልፎ ስፌቱ ጥቂት ሽንት ያሾልካል፤ ወይም የረጋ ደም በክፍተቱ ውስጥ ይጠራቀማል። በሽንት ውስጥ ጀርም ካለ፣ ወይም በሌላ መንገድ ከገባ፣ ወደ ጎረቤቱ አጥንት ሊዛመት ይችላል። ጀርሙ በደም ተጉዞ እዚያ የሚያርፍበትም ጊዜ አለ። አጥንቱና መጋጠሚያው ይቆስላሉ፣ ውስጥ ለውስጥ መግል ይይዛሉ። ሐኪሞች የአጥንት ኢንፌክሽን ወይም ኦስቲዮማየላይትስ የሚሉት ይህንኑ ነው። ከፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና በኋላ ይህ ሲደርስ በጣም አልፎ አልፎ ነው። ቀዶ ሕክምናው የታዘዘለት ሰው ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሐሳቡን እንዲለውጥ በጭራሽ አልፈልግም። ችግሩ ያለው እዚሁ «አልፎ አልፎ» ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የማይታይ ሕመም ስለሆነ በሽተኛውም፣ ቤተሰቡም፣ አንዳንዴ ሐኪሙም አያስቡትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኤድዊን ቢር የተባለ አሜሪካዊ የሽንት አካላት ሐኪም ከሆድ ግርጌ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ምክንያት የብልት አጥንት መጋጠሚያ እንደሚቆጣ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1924 ነበር። ቴሬንስ ሚሊን የተባለ አየርላንዳዊ ሐኪም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1945 ፊኛን ሳይከፍቱ፣ ከብልት አጥንት ጀርባ ባለው ክፍተት ገብቶ ፕሮስቴትን የማውጣት ዘዴ ካስተዋወቀ በኋላ ችግሩ ይበልጥ መወሳት ጀመረ። በዚያን ዘመን ሐኪሞቹን ብዙ ያከራከራቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ መጋጠሚያው የሚቆጣው በጀርም ነው ወይስ ያለ ጀርም? ዛሬ ሁለቱም እንደሚደርሱ ታውቋል። ያለ ጀርም የሚቆጣው በዕረፍትና በማስታገሻ መድኃኒት ሊመለስ ይችላል። ጀርም የገባበት ግን እንዲያ አይለቅም፤ እያደር አጥንቱን ይበላዋል። ሁለቱ በአካሄድና በሕመም ስለሚመሳሰሉ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መለየት አይቻልም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «ነቀርሳ» የምንለው ቃል ለካንሰርም ይውላል፣ በጀርም ለሚመጣው ለሳንባ ነቀርሳም ይውላል። አንድ ሐኪም «አጥንቱ ላይ አንድ ነገር ይታያል» ካለ፣ ያ ነገር ቤት እስኪደርስ «ነቀርሳ» ሆኖ፣ ጎረቤት እስኪደርስ «አለቀለት» ይሆናል። በጎረቤቴም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

እርግጥ ነው፣ የፕሮስቴት ካንሰር ሲሠራጭ አጥንት ይወዳል። ወደ ጀርባ አጥንት፣ ወደ ዳሌና ወደ ጎድን የሚሄድበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቤተሰቡ ቢሠጋ አይፈረድበትም። ስሕተቱ ፍርሃቱን ያለ ምርመራ እንደ ፍርድ መቀበሉ ላይ ነው። ሁለቱን ሕመሞች የሚለዩ ምልክቶች አሉ። ፕሮስቴት ብቻ የሚያመነጨው ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባል ንጥረ ነገር በደም ምርመራ ይለካል። እጢው በሙሉ ከወጣ በኋላ ይህ መጠን ሊለካ እስከማይችል ድረስ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ እንዳለ ከቆየና አጥንት የሚያም ከሆነ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት እንዲፈልግ ይገፋፋዋል። ደግሞም ኢንፌክሽን መጋጠሚያውን ተሻግሮ የግራውንም የቀኙንም አጥንት ሲይዝ፣ ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያውን አይሻገርም። እነዚህ ምልክቶች ብቻቸውን የመጨረሻ ቃል አይደሉም፤ መንገድ ግን ያሳያሉ።

በአሜሪካ አገር ሁለት ሐኪሞች በዚሁ መጋጠሚያ ላይ ኢንፌክሽን የደረሰባቸውን የ100 ሕሙማን ታሪክ አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመው ነበር። ከመቶው 74ቱ ትኩሳት ነበራቸው። 68ቱን የብልት አጥንታቸውን ያማቸው ነበር። 59ኙ አካሄዳቸው ተለውጦ እያመማቸው ወይም እየተንገዳገዱ ይራመዱ ነበር። 41ዱ ብሽሽታቸውን ያማቸው ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ከመቶው ሩብ ያህሉ ትኩሳት አልነበራቸውም። «አላተኮሰውምና ደህና ነው» ማለት አይበቃም ማለት ነው። አካሄድ ግን ከአሥሩ በስድስቱ ላይ ይለወጣል፤ አካሄድ ደግሞ ለማየት ቴርሞሜትር አይጠይቅም።

ይኸው ጥናት ለእናንተ ለእናቶች በቀጥታ የሚናገረው ነገርም አለው። ከመቶው ሕሙማን 24ቱ ሽንት አልቋጠር ብሏቸው ለዚሁ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሴቶች ነበሩ። በዳሌ ውስጥ ካንሰር የነበረባቸው 17 ናቸው። የቀሩት ስፖርተኞችና ሌሎች ነበሩ። ስለዚህ ጉዳዩን የወንድ ብቻ አድርገን መተው አንችልም። ከብዙ ወሊድ በኋላ ሲስቁና ሲያስሉ ሽንት የሚያመልጣቸው፣ ለዚህም ቀዶ ሕክምና ያደረጉ እህቶች፣ ከሳምንታት በኋላ ያንኑ አጥንት የሚያማቸው ከሆነ የተባለው ሁሉ ለእነሱም ተብሏል።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። የቀጠሮው ቀን ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ባለቤቷ ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ከኋላቸው ሆና ታያቸዋለች። «ያን አካሄድ አውቀዋለሁ» አለችኝ። «ሦስተኛ ልጄን የወለድኩ ሰሞን እኔ እንደዚያ ነበር የምሄደው። ካንሰር ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ግን ያመመው የት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።» የልጇን አሮጌ የትምህርት ቤት ደብተር አወጣች። ሕመሙ የጀመረበትን ሳምንት፣ ክኒኑ የተሰጠበትንና ያለቀበትን ቀን፣ ማታ የሚመጣውን ትኩሳት፣ ደረጃውን፣ ታክሲውን ሁሉ ጻፈች። የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ በደብተሩ መሐል አደረገች። ማንንም ሳታማክር ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሄዳ ወረፋ ያዘች።

ሐኪሙ ደብተሩን አንብቦ ሰውየው እንዲመጡ አደረገ። ካስተኛቸው በኋላ የብልት አጥንታቸውን በሁለት ጣቱ ተጫነው፤ ሰውየው ጮኹ። ሁለት ጉልበታቸውን ገጥመው የእሱን ጡጫ በመሐል እንዲጨምቁ ጠየቃቸው፤ አልቻሉም። «አባባ፣ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አሉ?» ቢላቸው «የሚነገር ቦታ አይደለም ብዬ ነው» አሉ።

የደም ምርመራ ተደረገ። በሰውነት ውስጥ መቆጣት መኖሩን የሚያሳየው ኢ.ኤስ.አር. ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይህ ምርመራ ርካሽና በብዙ ጤና ተቋም የሚገኝ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. ግን ከመለኪያው በታች ነበር። ራጅ ተነሱ፤ ራጁ ብዙም አልተናገረም። ይህን ማወቅ ይበጃል። የአጥንት ኢንፌክሽን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ምልክቱ ደብዛዛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ራጅ ተነስቶ ነበር፣ ምንም የለውም ተባለ» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። በግልጽ የሚያሳየው ኤም.አር.አይ. የሚባለው ምርመራ ነው። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ጎረቤቴም ከዕድር ተበድራ ነው ያስነሳችው። ሥዕሉ በመጋጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ መቋጠሩንና የሁለቱም ወገን አጥንት መቆጣቱን አሳየ።

ከዚያ በመርፌ ከቦታው ፈሳሽና ቅንጣት አጥንት ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። የዚህ ጥቅሙ ሁለት ነው። ካንሰር መሆን አለመሆኑ በማጉያ መነጽር ይለያል፤ ኢንፌክሽን ከሆነም የትኛው ጀርም እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታወቃል። ከሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚገኙት ጀርሞች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው፤ ኢ. ኮላይ፣ ኢንተሮኮከስ፣ ስዩዶሞናስ የሚባሉት በብዛት ከሚወሱት ውስጥ ናቸው። ሁሉም በአንድ መድኃኒት አይሞቱም። በአገራችን ደግሞ የቲቢ ጀርምና ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ አጥንት ስለሚይዙ ሐኪሙ እነሱንም ማሰብ ይኖርበታል። እንግዲህ ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የተገዛ አንቲባዮቲክ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። ጀርሙን ሳይገድል ያደክመዋል፤ ላቦራቶሪው ሲፈልገው አያገኘውም፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ተደብቆ ከነበረበት አጥንት ይወጣል። የሰባት ቀኑ ክኒን በሰውየው ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። የናሙናው መልስ እስኪመጣ አሥር ቀን ፈጀ። መልሱ ካንሰር የለም፣ ሁለት ዓይነት ጀርም አለ የሚል ነበር።

ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል። አጥንት ውስጥ ደም እንደ ሥጋ በብዛት ስለማይዘዋወር መድኃኒቱ የሚደርሰው ቀስ ብሎ ነው። በመሆኑም አንቲባዮቲኩ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወሰዳል፤ የመጀመሪያው ክፍል በደም ሥር በመርፌ ሊሆን ይችላል። ከላይ በጠቀስነው ጥናት ከግማሽ በላይ የሆኑት ሕሙማን የሞተውን አጥንት የሚያጸዳ ቀዶ ሕክምናም አስፈልጓቸዋል። የጎረቤቴ ባለቤት መግላቸው በመርፌ ተቀድቶ በመድኃኒት ብቻ ተሻላቸው፤ ሁሉም ሰው እንዲህ አይቀናውም።

በተለይ ለፕሮስቴቱ የጨረር ሕክምና የተደረገለት ሰው ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጨረር ካንሰሩን ሲያጠፋ በአካባቢው ያለውን ጤናማ አካል የደም ዝውውር ያዳክማል። የሽንት መንገዱ ሲጠብና ያንን ለማስፋት በመሣሪያ ሲነካካ፣ ያ የደከመ አካል ተቀዶ ከፊኛ ወይም ከሽንት ቧንቧ ወደ አጥንቱ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል። ሽንት በዚያ ቀዳዳ እየገባ አጥንቱን ያቆስለዋል። ይህ ከሕክምናው በኋላ ብዙ ወራት፣ እንዲያውም ዓመታት ቆይቶ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳው እስካልተዘጋ ወይም ሽንቱ በሌላ መንገድ እንዲወርድ እስካልተደረገ ድረስ መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ ከባድ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ስለዚህ «ጨረሩን ከጨረሰ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ ከዚያ ጋር አይገናኝም» አትበሉ፤ ለሐኪሙ ተናገሩ።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ ለምትሉ ጥቂት ልበል። ቱቦው ከነከረጢቱ ባለበት ጊዜ ከመንካታችሁ በፊትና ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ መሬት ላይ ግን አይተኛ። መገጣጠሚያውን ያለ ምክንያት አትፍቱት። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚኖር ሕመም ከሳምንት ወደ ሳምንት እየቀነሰ መሄድ አለበት። ከቀለለ በኋላ እንደ አዲስ የመጣ፣ በመራመድና እግር በመክፈት የሚብስ፣ ወደ ብሽሽትና ወደ ጭን ውስጠኛው ጎን የሚወርድ ሕመም ግን የቁስሉ ነው ተብሎ አይታለፍም። እንዲህ ያለውን አጥንት ማሸት ይቅር፤ ወጌሻ ለወለምታ እንጂ ለመግል አይሆንም። ሰውየው ብርድ ብርድ እያለው ካንቀጠቀጠው፣ ሽንት ከተከለከለ፣ ከቁስሉ ሽንት የመሰለ ነገር ከወጣ፣ ወይም እግሩ ከደነዘዘና ከሰነፈ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።

መድኃኒቱ ሲጀመር ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ይቀልና «ተሽሎኛል፣ ለምን ገንዘብ እንጨርሳለን?» ይባላል። በጎረቤቴም ቤት ተብሏል፤ ሰውየው ክኒኑን በትራስ ሥር ሲሸሽጉ ተይዘዋል። በየጊዜው የሚደረገው የደም ምርመራም አይቅር፤ አንዳንዱ መድኃኒት ኩላሊትንና ጉበትን ይነካል። እኔ በበኩሌ የሚያስቆጣኝ አንድ ነገር አለ። በዚህ ሁሉ ወራት ጎረቤቴ የመሥሪያ ቤት ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ ጠዋት መርፌ አስወግታ፣ ከሰዓት ወደ ሥራ ሮጣ፣ ማታ ወጥ ሠርታ ነበር የምትውለው። ሦስት የደረሱ ልጆች አሉ፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው። አባታቸውን መርፌ ቤት መውሰድ የእናታቸው ሥራ ብቻ መስሎ የታያቸው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። በኋላ ታናሹ ቅዳሜና እሑድን ያዘላት።

ሕክምናው በጠቅላላው ከሦስት ወር በላይ ወሰደ። የዕድሩ ብድር ገና አላለቀም። ለካንሰሩ የሚደረገው ክትትልም ይቀጥላል፤ ፒ.ኤስ.ኤ. በየጊዜው ይለካል።

ባለፈው ሳምንት ሰውየውን በደረጃው ላይ አገኘኋቸው። በአንድ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይዘው፣ በሌላው የዳቦ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ይወጡ ነበር። «እንዴት ነዎት?» ስላቸው ትንፋሻቸውን ሰብስበው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ትናንት ማታ ብቻ የግራ ብሽሽቴን ትንሽ ወግቶኝ ነበር» አሉ። በሩን የከፈተችው ጎረቤቴ ዳቦውን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ደብተሩን ፍለጋ ነበር።